ከደሴ እስከ ደሴት

ነሐሴ 13፣ ደሴ

ይህ ጉዞ የተጸነሰው ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የአፍሪካ ካርታ ፊት ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመታት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ያስረከቡኝን ይህን ካርታ፣ የእህቴ ልጅ በጤና ሥራ ተቀጥራ ፔምባ ወደምትባለው የዛንዚባር ደሴት ከሄደች ወዲህ፣ ሳላየው የማድርበት ቀን የለም። ባለፈው ሰኔ ማስመሪያ አንሥቼ ከኮምቦልቻ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ብስብበት፣ መስመሩ ባሌን አቋርጦ፣ ጋሪሳንና ሞምባሳን በቅርብ እየታከከ፣ የምድር ወገብን ከተሻገረ በኋላ ፔምባ ላይ ዐረፈ። የማስመሪያው ስሕተት መስሎኝ አኀዞቹን አመሳከርኩ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ገደማ ላይ ይገኛል፤ የፔምባው ደግሞ በደቡብ ኬክሮስ 5 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። በኬንትሮስ የሚለያዩት በስድስት ደቂቃ፣ ማለትም በ11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በኬክሮስ ግን 16 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ስለሚራራቁ፣ አንዱን ዲግሪ በ111 ኪሎ ሜትር ግድም ብናባዛው ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው በቀጥታ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ተሳፋሪ ግን በኬንትሮስ መስመር ላይ አይጓዝም። ከኮምቦልቻ ወደ ቦሌ 250 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ ወደ ዛንዚባር ዋና ደሴት ወደ ኡንጉጃ 1,680 ኪሎ ሜትር፣ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደመር 2,055 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ250 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ሳይ፣ በሰማይ ያለው መንገድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው እንደ ሐረጎ መንገድ እንደማይጠማዘዝ ለባለቤቴ በኩራት አስረዳኋት። እርሷም የቡሄ ሙልሙሏን ከምጣዱ እያወጣች፣ ደጅ ላይ የሚጨፍሩትን ልጆች በዓይኗ እየቆጠረች፣ «ኪሎ ሜትሩስ ይሁን፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን የያዝኩት እርሱን ለመመለስ ነው።

ነሐሴ 14፣ ኮምቦልቻ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የቤቴን በር ዘጋሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ቢለካ ከ15 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ነው፤ በመኪና ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፣ በዚያ መካከል 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረዳል። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ በእርምጃ ይሄድ ጀመር። በተደጋጋሚ ሰዓቴን ማየቴን የተመለከተው ሾፌር፣ «አብሽር ጋሼ፣ አውሮፕላኑም እንደኛው ጉሙን ይጠብቃል» አለኝ። እውነቱን ነበር።

የኮምቦልቻ ሜዳ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ በመሆኑ በክረምት ጠዋት ደመናው ከተራሮቹ ትከሻ ወርዶ ሲተኛበት አብራሪው ማኮብኮቢያውን በወቅቱ ማየት አይችልም፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላንም ሰማዩ እስኪገለጥ ድረስ ባለበት እንዲቆይ ይደረጋል። በአየር ጉዞ ርቀቱ ሳይለወጥ ጊዜው የሚረዝምበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው። በረራችን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ነበር፤ የተነሣነው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ48 ላይ ሆነ።

በመጠባበቂያው ክፍል ሁላችንም ስንነጫነጭ አንድ ሰው ብቻ በጉሙ ተጠቅሟል። የጨርቅ ነጋዴ የሆኑ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ወረቀታቸው ላይ 8:20 የሚለውን ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ20 ነው ብለው ተርጉመውት ኖሮ፣ ረጋ ብለው ምሳቸውን በልተው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደረሱ። ቁጥሩ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑንና በረራው በደህናው ቀን ቢሆን ኖሮ ካመለጣቸው አምስት ሰዓት ሊሞላው እንደነበር ሲነገራቸው፣ እጃቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው ጉሙን መረቁት። ቲኬት የሚሸጡልን ሰዎች ከፈረንጁ ቁጥር አጠገብ የእኛንም በእስክሪብቶ ቢጽፉልን ምን ይጎዳቸዋል?

ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ከመሬት ከለቀቀ በኋላ ቦሌ እስኪያርፍ የቆየው 43 ደቂቃ ነው። በመኪና ቢሆን በከሚሴ፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን በኩል 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። ነገር ግን የቤቴን በር ከዘጋሁ ስምንት ሰዓት ሞልቶታል፤ ማለዳ እኔ ስነሣ ከደሴ መናኸሪያ የወጣው አውቶቡስ በዚህ ሰዓት ደብረ ብርሃንን ሳያልፍ አይቀርም።

ነሐሴ 15፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር

የረጅሙ በረራ ቀን የምጽፈው ጥቂት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴ፣ ፓስፖርቴና ቪዛዬ በየመስኮቱ ታዩ፤ ለመሳፈሪያው ሦስት ሰዓት ቀድሜ ስለተገኘሁ አብዛኛው ጊዜዬ በወንበር ላይ አለፈ። በቲኬቱ ላይ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲሆን፣ እኔ በሰዓቴ የለካሁት ከመሬት መልቀቅ እስከ መሬት መንካት ሁለት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የጠየቅኋት የበረራ አስተናጋጅ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ በቲኬት ላይ የሚሰፍረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚንቀሳቀስበት ቅጽበት አንሥቶ በመድረሻው መቆሚያ ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው፤ በማኮብኮቢያ ላይ ተራ መጠበቁም፣ ካረፉ በኋላ በመሬት ላይ መንዳቱም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ለሠላሳ አንድ ዓመታት ተማሪዎቼን ርቀትን ለፍጥነት እያካፈሉ የበረራ ጊዜ እንዲያወጡ ሳዝዛቸው ይህንን አንድ ጊዜም አልነገርኳቸውም።

ከተነሣን አንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሲሆን በስሌቴ የምድር ወገብን ተሻገርን። ከመስኮቱ ውጪ ከነጭ ደመና በቀር የሚታይ አልነበረም፤ አጠገቤ ያለው ወጣትም ተኝቷል፤ ስለዚህ ሙልሙሌን ቆርሼ ብቻዬን አከበርኩት። በ2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ቦሌ ተነሥተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይለው የዛንዚባር ማረፊያ ስናርፍ፣ በሩ እንደተከፈተ የተቀበለን አየር ክብደት ነበረው። ማረፊያው የተሰየመው በዛንዚባር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በዓቤይድ አማኒ ካሩሜ ነው።

ሰዓቴን ማስተካከል አላስፈለገኝም፤ ታንዛኒያና ኢትዮጵያ የሚመሩት በአንድ የሰዓት ክልል ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የታክሲው ሾፌር ከነገ ወዲያ ለፔምባው በረራ ስንት ሰዓት ላይ እንዲመጣልኝ ሲጠይቅ በጣቶቹ ስድስት አሳየኝ፤ በወረቀቴ ላይ ያለው ግን 13:30 ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ሰዓታቸውን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የፈረንጁ ሰባት ሰዓት ጠዋት ለእነርሱም ለእኛም አንድ ሰዓት ነው። «ሳዓ» የሚሉት ቃልም የእኛው «ሰዓት» ወንድም ነው። በሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የቀትር ስድስት ሰዓትን ስድስት ብሎ የሚጠራ ሰው ማግኘቴ ከአየሩ ሙቀት ይልቅ መድረሴን አስታወቀኝ። የኮምቦልቻው ነጋዴ እዚህ ቢመጡ የሚያጽናናቸው ብዙ ሰው ያገኛሉ።

ነሐሴ 16፣ ዛንዚባር

የፍልሰታን ጾም የፈታሁት በባሕር ዳር በተጠበሰ ዓሣ ነው። በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የድንጋይ ከተማ ጠባብ መንገዶች ስዞር ውዬ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የባሕሩ ነፋስ መራኝ። ነፋሱ በዚህ ወቅት ከደቡብ የሚነፍስ ሲሆን ኩሲ ይሉታል፤ ከኅዳር ማለቂያ እስከ መጋቢት ገደማ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ ይተካዋል። የጥንት ጀልበኞች ከዐረብ አገር በካስካዚ ወርደው፣ በኩሲ የሚመለሱ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት ለነገው ስሌት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ነሐሴ 17፣ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከእንግዳ ማረፊያው ወጣሁ። ሾፌሩ ስድስት ሰዓት ቢለኝም፣ የሐረጎ ጉም ያስተማረው ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሣል በማለት አስቀድሜ አስደወልኩለት። በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣዬ ከተመዘነ በኋላ እኔንም ሚዛን ላይ አወጡኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከአሥራ ሦስት የማይበልጥ ሰው በሚጭን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የእያንዳንዱ ተሳፋሪ ክብደት ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ ይወስናል። ሻንጣም ከ15 ኪሎ እንዳያልፍ ተወስኗል። ባለቤቴ ለእህቴ ልጅ የላከችው በርበሬና ሽሮ ብቻውን ሰባት ኪሎ ስለነበር ሁለት መጻሕፍት አውጥቼ በብብቴ ያዝኩ።

እንደ ዕድል ሆኖ ክብደቴ ከአብራሪው ጎን ለመቀመጥ ተስማማ። ሁለቱ ማረፊያዎች በቀጥታ 125 ኪሎ ሜትር፣ በአብራሪዎች አቆጣጠር 68 የባሕር ማይል ያህል ይራራቃሉ። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተወሰደውም ከኬክሮስ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ስለሆነ፣ ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ዲግሪውን በ60 አባዝቶ ርቀቱን ያለ መሣሪያ ማወቅ ይችላል። አቅጣጫው ከሰሜን በ31 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። አውሮፕላኑ በነፋስ አልባ አየር በሰዓት 160 የባሕር ማይል ቢሄድ ጉዞው 25 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ኩሲ በሰዓት 20 የባሕር ማይል ፍጥነት ከኋላ ሲገፋው ግን በመሬት ላይ የሚለካው ፍጥነቱ 180 ሆኖ ጊዜው ወደ 23 ደቂቃ ይወርዳል፤ በተቃራኒው ከፊት ሲነፍስበት 140 ሆኖ 29 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ «ከኡንጉጃ ፔምባ ስንት ደቂቃ ነው?» ለሚል ሰው ተገቢው መልስ «በየትኛው ወር?» የሚል ጥያቄ ነው።

ከተነሣን በኋላ በስተግራችን የኡንጉጃ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቀጥሎም የኮኮናት ዛፎች አናት፣ ከዚያም በአሸዋው ላይ አረንጓዴ የነበረው ውኃ ድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ ታየ። ኡንጉጃ የተቀመጠችው ከአህጉሩ በተዘረጋው ጥልቀት በሌለው የባሕር ወለል ላይ ሲሆን፣ ፔምባን ከየብስ የሚለያት ሰርጥ ግን በመቶዎች ሜትር ይጠልቃል። ሁለት እኅትማማች ደሴቶች ይባሉ እንጂ ከአንድ እናት ስለመወለዳቸው ከላይ የሚያያቸው ሰው ይጠራጠራል። ለወሎ ሰው ደሴት ማለት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር፤ እርሱም በጊዜ ብዛት ከየብስ ተያይዞ በእግር የሚገባበት ሆኗል። ዙሪያውን በውኃ የተከበበ፣ ውኃውም ዳርቻ የሌለው ደሴት ስመለከት ለጥቂት ደቂቃ ሰዓቴን ማየት ዘነጋሁ።

መሬት ስንነካ ግን አየሁት፤ 24 ደቂቃ። አብራሪው በጣቱ መሣሪያውን መታ መታ አድርጎ ከኋላ የሚገፋንን ነፋስ አሳየኝ። ከዚያ ሻንጣ መጠበቅ፣ መኪና መጠበቅ፣ የእህቴ ልጅ ከሥራ እስክትወጣ መጠበቅ ተከታተለ፤ ቻኬ ቻኬ ከተማ ካለው ቤቷ ስገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ሆኗል። ስቆጥረው ከበር እስከ በር አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጅቷል፤ 125 ኪሎ ሜትርን በአራት ሰዓት መጓዝ ማለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ጭነት የያዘ አይሱዙ ሐረጎን ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው። ደሴ ቤቴን ከዘጋሁ ጀምሮ ደግሞ 80 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያለፈ ሲሆን፣ በአየር ላይ የነበርኩት ሦስት ሰዓት ከ28 ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱን ቀን በራሴ ፈቃድ በዛንዚባር ማደሬን መካድ አልችልም።

«ጋሽዬ፣ ቀጥታ በረራ ቢኖር ኖሮ በሁለት ሰዓት ተኩል ትደርስ ነበር» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ በርበሬውን እያሸተተች።

ነሐሴ 18፣ ፔምባ

ይህን ቀን የመረጥኩት በደሴ ሳለሁ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በኮምቦልቻ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ የነሐሴው ቀን 18 አካባቢ ይውላል። በዚያች ቅጽበት ኮምቦልቻ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ፔምባ በዚያው ኬንትሮስ ላይ ስላለች ቀትር የሚሆነው በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ እዚህ የተተከለ እንጨት የሚጥለው ጥላ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን የዲግሪ ርቀት ይነግረኛል። ዘዴው የእኔ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስተኒስ በግብፅ በሲየኒና በእስክንድርያ መካከል የምድርን ዙሪያ የለካበት ነው።

በኮምቦልቻ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባዬ የሆነ የፊዚክስ መምህር በግቢው አንድ ሜትር እንጨት እንዲተክል ተማምነናል። እኔ በእህቴ ልጅ ግቢ፣ በጎረቤት ልጆች ተከብቤ፣ የመጥረጊያ እጀታ በሜትር ልክ አስቆርጬ በእርሳስና በክር ቱምቢ አቆምኩት። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ላይ ጥላው እጅግ ያጠረበትን ነጥብ ምልክት አደረግሁ፤ ወደ ደቡብ የወደቀ ሆኖ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነበር። ወዲያው ከኮምቦልቻ መልእክት ደረሰኝ፤ ደመናው ለአሥር ደቂቃ ያህል ተከፍቶ እንደነበረ ከገለጸ በኋላ በሁለት ቃል ደመደመው፤ «ጥላ የለም።»

ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ለአንድ ሜትር 16.7 ዲግሪ ይሰጣል፤ በ111 ሲባዛም 1,854 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከካርታው ስሌት፣ ከ1,813ቱ ኪሎ ሜትር፣ በ41 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፏል፤ ጥፋቱ የአንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይደለም፣ እጀታው ጥቂት አዘንብሎ ይሆናል። አውሮፕላን፣ ቪዛና ሻንጣ ሳይኖር በአንድ እንጨት የተለካ ርቀት ስለሆነ ግን ከሦስቱ በረራዎች ሁሉ እርሱን ወደድኩት። ልጆቹ ግን የሚገርማቸው ሽማግሌ ሰው ለጥላ ሲንበረከክ ማየታቸው ነበር።

ነሐሴ 20፣ ፔምባ

የዛንዚባር ቅርንፉድ አብዛኛው የሚበቅለው እዚህ ነው። በአስፋልቱ ዳር በምንጣፍ ላይ ስጥ ሆኖ ሲደርቅ፣ የበጋ አውድማችንን አስታወሰኝ፤ ሽታው ግን የደሴ ሻይ ቤት ነው። በስዋሂሊ ካራፉ ይሉታል። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፤ ሚዛኑን እያሰብኩ።

ነሐሴ 21፣ ወደ ኡንጉጃ

በመርከብ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ከምኮአኒ ወደብ የሚነሣው ሰዓታት ስለሚፈጅና የነገው የአዲስ አበባ በረራ እንዳያመልጠኝ ስለሰጋሁ ተውኩት። ያው ርቀት፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ዛሬ ኩሲን ከፊት ተቀብሎ 30 ደቂቃ ፈጀ። ስድስቱ ደቂቃ የነፋስ ናት። ከሄድንበት ይልቅ እጅግ ስላንገጫገጨን አጠገቤ ያሉ እናት እጄን ይዘው ዱዓ ሲያደርጉ እኔም አሜን አልኩ።

ነሐሴ 23፣ ኮምቦልቻ

ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ከቦሌ በሰዓቱ ተነሥተን በ41 ደቂቃ ደረስን። ወደ ደሴ ከመውጣቴ በፊት ባልደረባዬን ልጠይቅ ጎራ አልኩ። እንጨቱ ከተተከለበት አልተነቀለም፤ ባለቤቱ ልብስ ለማስጫ ገመድ ልታስርበት ስትል እኔ እስክመለስ ድረስ አስከልክሏት ኖሯል። ቀትር እስኪሆን ቡና ጠጣን፤ ቅርንፉዱም ለሻይ ተካፈለ። ፀሐይ በአምስት ቀን ውስጥ ወደ ደቡብ ስለሸሸች ጥላው ከእንጨቱ ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብቅ ብሏል። ባልደረባዬ በእርሳስ ምልክት አደረገበትና ገመዱን ለባለቤቱ ፈቀደላት፤ እኔም በሐረጎ በኩል ወደሚወጣው ሚኒባስ ሄድኩ።